ስኳር የተቀነሰለት የአጃ ኩኪስ ለምን ይፈረካከሳል? ከጅማ የተነሳ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂዋ ለ2 ብርጭቆ አጃ 1 ብርጭቆ ስኳር የሚያስገባ የኩኪስ አሠራር ይዛ ስኳሩን ወደ ሩብ ብርጭቆ አወረደችው፤ ሌላውን እንዳለ ተወችው። ከኦቨን የወጣው ኩኪስ ትሪው ላይ እንዳስቀመጠችው ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። አልተነጠፈም፣ አልቀላም፣ ሲነካ ይፈረካከሳል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሻገተ። ከጥያቄው ጋር አንድ አቋም አብራ አቅርባለች፦ ማር አገር ተቀምጦ ስኳር መግዛት ምን ያደርጋል፣ ስኳሩን በሙሉ በማር ብንተካው «ስኳር የሌለው» ብለን ለስኳር ሕመምተኛም ሳንሰጋ ማቅረብ እንችላለን የሚል። ክርክሩን ያጋጋለው ጥያቄው ሳይሆን ይህ አቋም ነው።

በ1ኛው ምላሽ አንዲት ባለሙያ ጠያቂዋን እህቴ ብለው በትሕትና ጀመሩና መልስ ከመስጠታቸው በፊት አራት ነገር ጠየቁ፦ አጃው ምን ዓይነት ነው፣ ቅቤው ለጋ ነው ወይስ የተነጠረ፣ እንቁላሉ የሀበሻ ነው ወይስ የፈረንጅ፣ ኦቨኑስ ምን ያህል ይሞቃል። ኋላ የተገኘው መፍትሔ አብዛኛው የወጣው ከእነዚህ አራት ጥያቄዎች ስለሆነ ልብ ሊባሉ ይገባል። 2ኛው ጠብቆ እንኳ ሳያይ ቅቤ እንድትጨምር በአንድ መስመር መክሮ አለፈ።

3ኛው ምላሽ ይህን ምክር አልተቀበለም። ቅቤ ሲበዛ ሊጡ ይቀባባል እንጂ አይያያዝም፤ ችግሩ ያለው ስኳሩ ይሠራው የነበረው ሥራ ያለ ሠራተኛ መቅረቱ ላይ ነው ብሎ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ስኳር ኦቨን ውስጥ ቀልጦ ሽሮፕ ይሆናል፣ ሊጡ ሳስቶ የሚነጠፈውም በዚህ ነው። ከቅቤ ጋር ሲመታ ደግሞ ሹል ቅንጣቶቹ ቅቤው ውስጥ አየር ያስገባሉ። ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ኩኪሱ ቶሎ አይደርቅም፤ ያንኑ ውሃ ከሻጋታ ስለሚነጥቅም ቀናት ያስቆያል። ቀለሙንም በአብዛኛው የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ ከሙሉው ስኳር ሲሶውን መቀነስ ያለ ምንም ማስተካከያ ይቻላል፣ የሚለየውም ሰው ጥቂት ነው። ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን ሊጡን በእጅ ማሳሳት፣ በሌላ ነገር ማያያዝና ጥቂት ቀን ብቻ እንደሚቆይ አውቆ መጋገር ግድ ነው። ይህን ያህል የጠራ ማብራሪያ በሦስተኛው ምላሽ ላይ መገኘቱ የቀረውን ውይይት መስመር አስያዘው።

4ኛው ስለ አጃው ነው፣ ርዝመቱም ከሁሉ ይበልጣል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ጠፍጣፋው አጃ ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት በስሎ በማሽን የተዳመጠ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይለሰልሳል። ከደጋ መጥቶ ገበያ የሚሸጠው የአገር አጃ ግን እንደ አዘገጃጀቱ ይለያያል። ጥሬው ከተፈጨ ወይም ከተሸረከተ፣ እህሉ ውስጥ ያለው ስብ የሚያፈርስ ኢንዛይም ሥራውን ይጀምርና አጃው እየዋለ እያደረ ይመራል። በእንፋሎት ወይም በመቁላት ሲሞቅ ግን ኢንዛይሙ ይሞታል። ምላሹን የሰጠው ሰው አንድ ምልክት አከለ፦ ኩኪሱ የሳሙና ጣዕም ካለው ሰዎች ቤኪንግ ሶዳው በዛ ይላሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን አጃው ራሱ ተበላሽቶ ሶዳው ጣዕሙን ያጎላዋል። መድኃኒቱ አጃውን ከመፍጨት በፊት በለዘብታ እሳት እያማሰሉ፣ የተቆላ ለውዝ ሽታ እስኪያመጣና ጫፉ ወርቅማ እስኪሆን ማመስ ነው። ሌላው ጥፋት አድቅቆ ማስፈጨት ነው። የላመ የአጃ ዱቄት ብቻውን ከተጠቀሙበት የሊጡን ውሃ ሁሉ ይመጠውና ኩኪሱ ሸክላ ይሆናል።

ጠያቂዋ በ5ኛው ተመልሳ መጣች፦ አጃው ለቅንጬ የተሸረከተ፣ ያልተቆላ ነው፤ ቅቤው ለጋ፣ እንቁላሉ የሀበሻ፣ ኦቨኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነው።

6ኛው ምላሽ ሙሉ አሠራር በግራም አስቀመጠ። ጸሐፊዋ ብርጭቆ በብርጭቆ ስለሚለያይ ስኳር ለመቀነስ የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ሚዛን ይግዛ የሚል ጽኑ እምነት አላት፤ ትክክል ናት። ልኩ ይህ ነው፦ ጠፍጣፋ አጃ 180 ግራም፣ ፉርኖ ዱቄት 100 ግራም፣ ለጋ ቅቤ 100 ግራም፣ ስኳር 50 ግራም፣ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ አንድ ሙዝ (ተልጦ 100 ግራም ገደማ)፣ እንቁላል ከቅርፊቱ ውጪ 50 ግራም፣ የተከተፈ ዘቢብ 50 ግራም፣ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ ለየብቻ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ከተገኘም የተወቀጠ ኮረሪማ ቁንጥር። ኮረሪማ የዚሁ አካባቢ ጫካ ፍሬ ነው፣ ከቀረፋ ጋር ሲሆን አፍ ላይ ጣፋጭነቱን ከፍ ያደርገዋል። ጨውም እንዳይቀር አሳስባለች፤ ስኳር ባነሰ ቁጥር ጨው የሌለበት ኩኪስ ሊጥ ሊጥ ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅቤው በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ እንጂ የቀለጠ እንዳይሆን። ከስኳሩ ጋር 3 ደቂቃ ይመታል፤ ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ እንደ ኬክ ነጭ እስኪሆን መጠበቅ ከንቱ ነው። እንቁላሉ ይገባል፣ ቀጥሎ ሙዙ በሹካ ተፈጭቶ ይገባል። በዚህ ጊዜ ድብልቁ የተቆረጠ ወተት ሊመስል ይችላል፤ ዱቄቱ ሲገባ ስለሚስተካከል አይጣልም። ዱቄቱ፣ ሶዳው፣ ጨውና ቅመሙ አብረው ተነፍተው ይጨመራሉ፣ መጨረሻ አጃውና ዘቢቡ። ከዚያ ሊጡ ተከድኖ 30 ደቂቃ ያርፋል። አጃው ውሃውን የሚጠጣው በዚህ ጊዜ ነው፣ ማረፉን የዘለለ ሰው የሚፈረካከስ ኩኪስ ያገኛል። 24 ቦታ ይከፈላል፣ አንዱ 26 ግራም ገደማ ይደርሳል። በረጠበ መዳፍ ድቡልቡል ተደርጎ በማንኪያ ጀርባ ወደ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ይጠፈጠፋል። ኦቨን ውስጥ በራሱ ስለማይነጠፍ የገባበት ቅርጽ የሚወጣበት ቅርጽ ነው። በ180 ዲግሪ ከ13 እስከ 15 ደቂቃ፤ ጠርዙ ቀልቶ መሐሉ ገና ለስለስ እንዳለ ይወጣል። ትሪው ላይ 10 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ፤ በሙቀቱ ያነሳው ሰው እጁ ላይ ይበተንበታል።

ለጠያቂዋ ሽርክት ደግሞ ለብቻው ማስተካከያ ሰጠች፦ 120 ግራም የታመሰ ሽርክት በ80 ሚሊሊትር የፈላ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ 60 ግራም ደግሞ ከታመሰ በኋላ ተፈጭቶ ይግባ፣ ሙዙም ወደ ግማሽ ይውረድ። ሁሉንም ከመጋገር በፊት አንድ ፍሬ ብቻ አስገብቶ ማየትም ከእሷ የተገኘ ምክር ነው። ያቺ አንዷ ከደረቀች አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ቅባት ከበዛባት አንድ የሾርባ ማንኪያ አጃ ይጨመራል። ከውይይቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይወሰድ ቢባል ይህ ነው፤ ሙሉ ትሪ ከመክሰር ያድናል።

7ኛው ከፍታን አነሳ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ የሊጡም እርጥበት ቶሎ ይተናል። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ የሶዳው ጋዝ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ አሠራር ላይ የሶዳው ሩብ ያህል መቀነስ አለበት። 8ኛው ጣልቃ ገብቶ አዲስ አበባ ላይ የተሳካ አሠራር ጅማ ላይም ምንም ሳይነካ ይሠራል ብሎ ተከራከረ። 9ኛው በትዕግሥት አረመው፦ አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ትጠጋለች፣ ልዩነቱ 600 ሜትር ገደማ ነው። ለኬክ ይህ ልዩነት ይታያል፣ ለተጠፈጠፈ ኩኪስ ግን ከአንድ ማንኪያ ወተት በላይ አያጣላም። 6ኛዋ የሰጠችው ሩብ ማንኪያ ሶዳም ከፍታውን አስቀድሞ ያሰበ መሆኑን አስታወሰ።

10ኛው ላይ ማሩ ተነሳ፣ ድምፁም ተለወጠ። አንድ ሰው የጠያቂዋን አቋም በሙሉ ልብ ደገፈ፦ ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ አባቶቻችን መድኃኒት ያደርጉት ነበር፣ የጫካ ማር ስኳር ከፍ አያደርግም። 11ኛው በቁጣ መለሰ፤ ቁጣው ቢከብድም ቁጥሩ ትክክል ነው። ከማር ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር 12 ግራም ተኩል ሲመዝን አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 17 ግራሙ ስኳር ነው። ማንኪያ በማንኪያ የተካ ሰው ስኳር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው መመሪያም ማርን ከተጨመረ ስኳር እኩል ይቆጥረዋል፤ የቀኑ ጣሪያ ከምንበላው ኃይል 10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ነው፣ ይህም ለአዋቂ 25 ግራም ገደማ ይሆናል። 11ኛው ከዚህ አልፎ ባለ ማሩን ሰው ገዳይ እስከ ማለት ደረሰ። በዕድሜ ገፋ ያሉ የሚመስሉ አንድ ሰው በ12ኛው ገብተው ልጄ ብለው ገሠጹት፤ ሐቁን ይዞ መሳደብ ሐቁን እንደሚያስጠላ ነግረው ወደ ሥራው መለሱት።

ጠቃሚ ነገርም ጨመሩ። ማር መጠቀም የፈለገ 50 ግራሙን ስኳር በ40 ግራም ማር ይተካ፣ ማሩ ውሃ ስላለው ሙዙን ጥቂት ይቀንስ፣ ማር ቶሎ ስለሚቀላም ኦቨኑን በ15 ዲግሪ ያውርድ። ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ፣ ከጌተም ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ለኩኪስ ለስለስ ያለ ነው፤ ከግራዋ አበባ የሚገኘው ጠቆር ያለው ማር ግን ምሬት አለው፣ ሲጋገር ምሬቱ ከቀረፋው ጋር ይጣላል። 13ኛው ከዚህ ተነስቶ እውነተኛ ማር እንዴት ይለያል ወደሚለው ወሰደው፣ ሌሎችም ክብሪት ስለመለኮስና ውሃ ውስጥ ስለማንጠባጠብ ብዙ ጻፉ። እነዚህ የቤት ሙከራዎች የእርጥበቱን መጠን ቢጠቁሙ እንጂ ስኳር መቀላቀሉን አያረጋግጡም። 14ኛው ይህንኑ ብሎ በሩን ዘጋው።

15ኛው ለሚጾም ሰው እንቁላልና ቅቤ የሌለበት አሠራር አቀረበ። ለእንቁላሉ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ሲቆይ እንደ እንቁላል ነጭ ይለጎማል። ለቅቤው 75 ግራም ዘይት ወይም 60 ግራም የለውዝ ቅቤና 40 ግራም ዘይት ይሆናል። ለስኳሩ ደግሞ በረመዳን ሰሞን ገበያውን የሚሞላው ተምር አለ፤ ፍሬው ወጥቶ 100 ግራም በፈላ ውሃ 20 ደቂቃ ተነክሮ ይደቅቃል። ተምር ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ ስኳር ቢኖርም ከነቃጫው ስለሚበላ በመመሪያው እንደ ተጨመረ ስኳር አይቆጠርም። ሊጡን የሚያያይዝ ሙጫም ይሆናል፣ ስለዚህ ለመፈረካከስ ከማር የተሻለ መልስ ነው። ዘይት የገባበት ሊጥ ሲጠፈጠፍ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፤ በረጠበ ጣት ካልተደፈነ ስንጥቁ ኦቨን ውስጥ ይሰፋል።

16ኛው ጅማ ላይ አቮካዶ ስለሚረክስ ቅቤውን በሙሉ በአቮካዶ መተካት ይሻላል አለ። 17ኛው በአጭሩ፣ በደረቁም ቢሆን ልክ ነው፦ አቮካዶ 15 በመቶ ስብ ነው፣ ቅቤ 80፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ኩኪሱ እንጀራ እንጀራ ይላል፣ ሲጋገርም ይመራል። ከግማሽ በላይ አይተካ። ይኸው ሰው የ1ኛዋን ጥያቄ አስታውሶ ስለ ቅቤው ጻፈ። ለጋው ቅቤ በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት ነጫጭ ጠብታ ካወጣ አሬራው አልወጣለትም ማለት ነው፤ ያ ውሃ ሊጡን ያላላና ኦቨን ውስጥ ሲተን ኩኪሱን ያደርቀዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይጨመቅ። አቅልጦ አረፋውን ገፎ የሚጠቀም ደግሞ በ100 ግራሙ ፈንታ 80 ግራም ያስገባ። ለወጥ የተነጠረ ቅቤ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የነካው፣ በምንም መልኩ አይሆንም። የሀበሻ እንቁላል አንሶ ከተገኘም ሁለት ሰብሮ መትቶ 50 ግራሙን መመዘን ነው።

ኦቨኑ 18ኛው ላይ መልስ አገኘ። የትንንሾቹ ኦቨኖች ቁጥር አይታመንም፤ ቴርሞሜትር የሌለው በስኳር ይፈትን። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ ነው። አንድ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርጎ ኦቨኑን 175 ላይ ለ15 ደቂቃ ማስገባት፤ ከቀለጠ ኦቨኑ ከሚለው በላይ ይሞቃል። 190 ላይ ደግሞ ካልቀለጠ ያነሰ ይሞቃል። ታቹ የሚያር ከሆነ ሁለት ትሪ ማነባበር ነው። መብራት ሲጠፋም ሊጡ አይጣልም፦ ወፍራም ድስት ታች ጠጠር ወይም አሸዋ ተደርጎ፣ ትሪው በላዩ ተቀምጦ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም ይደረጋል። ከላይ በዛ ይበል፣ ከታች ይሳሳ። የአጃው ታች ከቀላ በኋላ ለማረር ደቂቃ ስለማይፈጅበት ከ8ኛው ደቂቃ ጀምሮ ክዳኑን እያነሱ ማየት ነው።

19ኛው በስኳር ምትክ የሚሸጡትን ማጣፈጫዎች አመጣ፣ 20ኛው በእርጋታ መለሰለት። አስፓርቴም በሙቀት ጣፋጭነቱን ስለሚያጣ ለመጋገሪያ አይሆንም። ሱክራሎዝና ስቴቪያ ጣዕሙን ቢሰጡም 3ኛው የዘረዘረውን የስኳር ሥራ አይሠሩም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2023 እነዚህን ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀምን አይመክርም፤ ምክሩ ግን የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይጨምርም። ሁለቱም ጨዋ ስለነበሩ ይህ ክፍል ሳይጋጋል አለፈ።

የከረረው 21ኛው ላይ ነው። አንድ ሰው ጠያቂዋን ይህን ኩኪስ ለስኳር ሕመምተኛ እንደ ልብ ስጪ አላት፣ 22ኛው ይህን ዝም ብዬ አላልፍም ብሎ ተነሳ። ስሌቱን ከ6ኛው አሠራር ላይ አወጣ፦ ከአጃው 120፣ ከዱቄቱ 75፣ ከስኳሩ 50፣ ከሙዙ 23፣ ከዘቢቡ 40፣ በድምሩ 308 ግራም ካርቦሃይድሬት፤ ለ24 ሲካፈል እያንዳንዱ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። ከዚያ የተጨመረው ስኳር 2 ግራም ብቻ ነው፣ በቀድሞው አሠራር 8 ግራም ይሆን ነበር። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ግን አራት ፍሬ የበላ ሕመምተኛ 52 ግራም ካርቦሃይድሬት በላ። ቤታ ግሉካን የሚባለው የአጃው ቃጫ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ቢያዘገይም አያስቀረውም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ቁጥሩን ሳያውቅ ከበላ አደጋ ነው፤ ይህን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት ብሎ ደመደመ። አነጋገሩ ቢሻክርም ጠያቂዋ አመስግና የጻፈችለት ለእሱ ብቻ ነው፣ «ስኳር የሌለው» የሚለውንም ትታ በአንድ ፍሬ ስንት ግራም እንዳለ ለመጻፍ ተስማማች።

23ኛው ውይይቱን ወደ ቡና ወሰደው፣ የቡና መገኛ ጅማ ነው ከፋ የሚለው የታወቀው ሙግትም ሦስት አራት ምላሽ በላ። ከዚያ መሐል 26ኛው የተናገረው ግን ለጉዳዩ ቅርብ ነው፦ አንድ ሲኒ ቡና ላይ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው 12 ግራም ይጠጣል፣ ይህም ስድስት ኩኪስ ውስጥ ያለው የተጨመረ ስኳር ነው። ኩኪሱ ጣፋጭ ነገር አፍ ላይ ስላስቀመጠ ቡናውን ያለ ስኳር መልመድ በዚህ አጋጣሚ ይቀላል።

የመጨረሻዎቹ ስለ ሻጋታው ናቸው፣ ጥያቄው ውስጥ ተነስቶ እስከዚያ ድረስ ማንም በደንብ አልነካውም ነበር። 27ኛው እንዳስረዳው ስኳሩ ያነሰና ሙዝ ያለበት ኩኪስ በጅማ ክረምት እርጥበት ከ3 ቀን በላይ ውጪ ላይ አይቆይም። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ከታሸገ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል፤ ሽቦ ላይ ወይም ወንፊት ላይ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ሙዙን ትቶ በተምር የጋገረ 5 ቀን ያገኛል። 28ኛው ከዚህ የተሻለ አሳየ፦ የተጋገረውን ከማስቀመጥ ሊጡን ጠፍጥፎ በላስቲክ እየለያዩ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት፣ ሲፈለግ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ኦቨን፣ ጊዜውን በ2 ደቂቃ ማስረዘም። መብራት ከጠፋና ሊጡ ከቀለጠ ግን በዚያው ቀን ይጋገር፣ ጥሬ እንቁላል ስላለበት መልሶ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ።